የተጠቃሚው ቅሬታ መቼ ይሰማል? ከሬዲት የ2023 አድማ የምንማረው

በዚህ አዳራሽ ከተቀመጥነው መካከል በስልኩ ላይ ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክ ወይም ዩቲዩብ የሌለው ሰው ማግኘት ይከብዳል። ከእነዚህ መድረኮች በአንዱ ውሳኔ ተማርሮ የማያውቅ ማግኘት ደግሞ ከዚያ ይብሳል። ገጹ ያለ ማስጠንቀቂያ የተዘጋበት ነጋዴ፣ የዘመዶቹ ወሬ በማስታወቂያ ክምር ውስጥ የጠፋበት በስደት የሚኖር ወገን፣ ትናንት በነፃ ያገኘውን ዛሬ ክፈል የተባለ ወጣት፣ ሁሉም የሚጠይቁት አንድ ነገር ነው፦ ይህን ማን ወሰነ? እኛንስ ማን ጠየቀን?

ዛሬ ይህን ጥያቄ አንድ ጉዳይ ይዤ ለመመለስ እሞክራለሁ። ጉዳዩ ሬዲት በተባለው የአሜሪካ መድረክ ላይ በ2023 የተካሄደው የተጠቃሚዎች አድማ ነው። የምጠቅሳቸው ዓመታት፣ ዓመተ ምሕረት ካላልኩ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ሬዲት በሀገራችን እንደ ፌስቡክ የተለመደ አይደለም። የመረጥኩት ግን ተጠቃሚዎች በአንድ መድረክ አስተዳደር ላይ ካነሡት ተቃውሞ ሁሉ በደንብ ከተደራጁት አንዱ ስለሆነ ነው። ጥያቄያቸው ግልጽ ነበር። ቀን ቆርጠው በሺዎች የሚቆጠሩ የውይይት ክፍሎችን በአንድ ጊዜ ዘጉ። የዓለም ጋዜጦችም ዘገቡላቸው። የጠየቁትን ዋና ነገር ግን አላገኙም። ድር ቢያብር አንበሳ ያስራል እንላለን። እዚህ ድሩ አብሮ ነበር፤ አንበሳው ግን አልታሰረም። ለምን?

መልሴን አስቀድሜ ልናገር። ተጠቃሚ የሚሰማው በቁጣው ብዛት ሳይሆን የሠራውን ይዞ መሄድ በመቻሉ ነው። መሄጃ የሌለው ሰው ቅሬታ፣ የቱንም ያህል እውነት ቢሆን፣ ባለቤቱ ታግሦ ያሳልፈዋል። ስለዚህ ዝግጅቱ ከቁጣው መቅደም አለበት። ይህን የምለው ለቅሬታ ዋጋ ስለማልሰጥ አይደለም፤ ቅሬታ በከንቱ እንዲቀር ስለማልፈልግ ነው።

ነገሩን ከሥሩ እንጀምር። ሬዲትን በጁን 2005 የመሠረቱት በቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲ ደባሎች የነበሩት ስቲቭ ሀፍማንና አሌክሲስ ኦሃኒያን ናቸው። በቀጣዩ ዓመት ኮንዴ ናስት ለተባለው የመጽሔት አሳታሚ ሸጡት። ሀፍማን በ2009 ለቀው ሄዱ፤ በ2015 ደግሞ ዋና ሥራ አስፈጻሚ ሆነው ተመለሱ። የተመለሱበት ወቅት ራሱ የአድማ ወቅት ነበር። በዚያ ዓመት ጁላይ መጀመሪያ አስተዳደሩ አወያዮች የሚወዷትን አንዲት ሠራተኛ ሲያሰናብት ብዙ ክፍሎች በራቸውን ዘጉ። የወቅቱ ኃላፊ ኤለን ፓኦ ከሥልጣን እንዲነሡ በቀረበ አቤቱታ ላይ ከ200 ሺሕ በላይ ፊርማ ተሰበሰበ፤ ኃላፊዋም በጥቂት ቀናት ውስጥ ለቀቁ። የሬዲት ተጠቃሚዎች በር መዝጋት ውጤት እንደሚያመጣ ያወቁት በዚህ ጊዜ ነው።

ሬዲት በውስጡ ሰብሬዲት የሚባሉ እጅግ ብዙ የውይይት ክፍሎች አሉት። አንዱ ስለ ሳይንስ ነው፣ አንዱ ስለ ጓሮ አትክልት፣ ሌላው ከአንድ በሽታ ጋር የሚኖሩ ሰዎች የሚመካከሩበት። እያንዳንዱን ክፍል የሚጠብቁት ደመወዝ የማይከፈላቸው አወያዮች ናቸው፤ እኛ በቴሌግራም ግሩፕ አድሚን የምንላቸው ዓይነት ሰዎች። ሥራቸው ምን እንደሚመስል ጠጋ ብለን እንየው። አወያይዋ ጠዋት ስልኳን ስትከፍት ሌሊቱን የገቡ ሪፖርቶች ተደርድረው ይጠብቋታል። አንዱ የማጭበርበሪያ ማስታወቂያ ነው፤ ታጠፋዋለች። አንዱ ዘርን የሚሰድብ ነው፤ ታጠፋውና ጸሐፊውን ታግዳለች። አንዱ ለመቶኛ ጊዜ የተጠየቀ ጥያቄ ነው፤ ወደ ቀድሞው መልስ ትመራዋለች። አንዱ ደግሞ መኖር የሰለቸው ሰው የጻፈው ነው፤ እሱን ማጥፋትም ዝም ማለትም አይቻልም፣ ረጋ ብሎ መልስ መጻፍ ይጠይቃል። ይህን ሁሉ ከጨረሰች በኋላ ወደ እንጀራ ሥራዋ ትሄዳለች።

የኖርዝዌስተርንና የሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2022 ይህን ሥራ ለክተውት ነበር። የሬዲት አወያዮች በድምሩ በቀን ቢያንስ 466 ሰዓት እንደሚሠሩ፣ ሥራው በገንዘብ ሲተመን በዓመት 3.4 ሚሊዮን ዶላር እንደሚያወጣ ገመቱ፤ ዝቅተኛ ግምት መሆኑንም አስረዱ። ኩባንያው ራሱ ለባለሀብቶች ባቀረበው ሰነድ በ2023 መጨረሻ በየቀኑ በአማካይ ከ60 ሺሕ በላይ አወያዮች ይሠሩ እንደነበር ገልጿል።

እነዚህ ሰዎች የሚሠሩበት መሣሪያ ነው የጠቡ መነሻ። ሬዲት ከ2008 ጀምሮ ለውጭ ፕሮግራም ሠሪዎች ክፍት ነበር። ኤፒአይ የሚባለው አንድ ፕሮግራም ከሌላው መረጃ የሚጠይቅበት አሠራር ነው። በዚህ አሠራር ሌሎች ሰዎች ሬዲትን በስልክ ለማንበብ የሚያስችሉ አፖች ሠሩ። ሬዲት በራሱ ስም አፕ ያወጣው በ2016 ነው፤ ያኔ ብዙዎቹ ነባር ተጠቃሚዎች የሚወዱትን አፕ መርጠው ተላምደዋል። ከአፖቹ ዝነኛው ክርስቲያን ሴሊግ የተባሉ ካናዳዊ የሠሩት አፖሎ ነበር።

አንድ ሰው አፖሎን ሲከፍት አፑ የፊት ገጹን ለማምጣት ለሬዲት አንድ ጥያቄ ይልካል። ሰውየው አንድ ጽሑፍ ነክቶ አስተያየቶቹን ሲያነብ ሌላ ጥያቄ ይላካል፤ ድምፅ ሲሰጥ ሌላ፤ መልእክት መጥቶለት እንደሆነ ሲያይ ሌላ። የአፖሎ ተጠቃሚ በአማካይ በቀን 344 ጥያቄ ይልክ ነበር። ሬዲት በሜይ 2023 መጨረሻ ያሳወቀው ዋጋ ለ1,000 ጥያቄ 24 የአሜሪካ ሳንቲም ነው። ሲሰሙት ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን 344 በ30 ቀን ሲባዛ ከ10 ሺሕ ይበልጣል፤ ለአንድ ሰው በወር 2 ዶላር ተኩል ገደማ ማለት ነው። አፖሎ በአንድ ወር በጠቅላላው 7 ቢሊዮን ጥያቄ ይልክ ስለነበር ሒሳቡ በወር 1.7 ሚሊዮን፣ በዓመት ወደ 20 ሚሊዮን ዶላር ይደርሳል። ሴሊግ አንድ ማነጻጸሪያ አቀረቡ፦ ኢምገር ለተባለው የፎቶ ማከማቻ ለ50 ሚሊዮን ጥያቄ የሚከፍሉት 166 ዶላር ነበር፤ ለዚያው ያህል ጥያቄ ሬዲት የጠየቃቸው 12 ሺሕ ዶላር ነው።

ከዋጋው የባሰው ጊዜው ነበር። ዋጋው በተነገረና ክፍያው በሚጀምርበት በጁላይ 1 መካከል የነበረው አንድ ወር ብቻ ነው። አፖሎ ዓመታዊ ክፍያ አስቀድሞ የተቀበለባቸው ብዙ ደንበኞች ነበሩት። ሴሊግ ለእነሱ የሚመለሰው ገንዘብ ሩብ ሚሊዮን ዶላር እንደሚደርስ ገልጸው አፑን በጁን 30 እንደሚዘጉ አስታወቁ። በዚያው ሰሞን አስተዳደሩ ሴሊግ ኩባንያውን አስፈራርተዋል የሚል ወሬ ለአወያዮች አቀረበ። ሴሊግ የስልክ ንግግሩን ቅጂ ለሕዝብ ለቀቁ፤ በቅጂውም ላይ የኩባንያው ሰው ነገሩን በስሕተት እንደተረዳው ተቀብሎ ይቅርታ ሲጠይቅ ይሰማል። እስከዚያ ድረስ ጉዳዩ የዋጋ ክርክር ነበር። ከዚያ በኋላ የመተማመን ጉዳይ ሆነ።

ከተጎጂዎቹ መካከል ድምፃቸው በጉልህ ሊሰማ የሚገባቸው ዓይነ ስውራን ነበሩ። ዓይነ ስውር የሆነ ሰው ስልክ የሚጠቀመው ጽሑፉን በድምፅ በሚያነብ ሶፍትዌር ነው። በአፑ ላይ ያለ እያንዳንዱ ቁልፍ ስሙ በሚገባ ካልተሰጠው ሶፍትዌሩ "ቁልፍ፣ ቁልፍ፣ ቁልፍ" እያለ ያልፋል፤ የትኛው ማጥፊያ፣ የትኛው መመለሻ እንደሆነ አይታወቅም። የዓይነ ስውራን ክፍል አወያዮች የሬዲት የራሱ አፕ የማወያያ ሥራቸውን እንደማያሠራቸው፣ ሲሠሩ የኖሩት በውጭ አፖች መሆኑን አስረዱ። ኩባንያው በኋላ ለንግድ ያልቆሙና ለአካል ጉዳተኞች የተሠሩ ጥቂት አፖችን ከክፍያ ነፃ አደረገ። ይህ ተቃውሞው ካስገኛቸው ጥቂት ውጤቶች አንዱ ነው፤ ልንንቀውም አይገባም። ነገር ግን የዋጋው ውሳኔ ሲወሰን ዓይነ ስውራኑ በጠረጴዛው ዙሪያ እንዳልነበሩ በግልጽ ያሳያል።

የኩባንያውንም ጎን መስማት ግዴታችን ነው። ሬዲት ከተመሠረተ 18 ዓመቱ ነበር፤ በ2023 ዓመት 804 ሚሊዮን ዶላር ገቢ አግኝቶ በ90.8 ሚሊዮን ዶላር ከስሯል። ሰርቨር ገንዘብ ይበላል። የውጭ አፖቹ አብዛኞቹ የሬዲትን ማስታወቂያ አያሳዩም ነበር። ከዚህም በላይ አርቴፊሻል ኢንተለጀንስ የሚሠሩ ታላላቅ ኩባንያዎች የሬዲትን ጽሑፍ በነፃ እየቀዱ ሞዴሎቻቸውን ያሠለጥኑበት ነበር። ሀፍማን በኤፕሪል 2023 ይህን ሀብት በዓለም ላይ ላሉ ግዙፍ ኩባንያዎች በነፃ መስጠት እንደማይገባ ተናገሩ። ክርክሩ ሚዛን ያነሣል። ኩባንያ ሥራውን ለመቀጠል ገንዘብ መጠየቁ ነውር አይደለም፤ ሴሊግም ተመጣጣኝ ክፍያ እንደማይቃወሙ ተናግረው ነበር።

ታዲያ ቁጣው ከየት መጣ? ቁጣው የመጣው "ይህ ሀብት" ከሚለው ነው። ጽሑፉን የጻፉት ተጠቃሚዎች ናቸው። ያጣሩትና የጠበቁት አወያዮች ናቸው። በ2024 ኩባንያው አክሲዮኑን ለገበያ ሲያቀርብ ይህን መረጃ ለመጠቀም የተፈረሙ ውሎች በድምሩ 203 ሚሊዮን ዶላር እንደሚያወጡ አስታወቀ። የጻፉት ሰዎች ከውሉ ላይ ስማቸው የለም፤ ሐሳባቸውም አልተጠየቀም። ይህን በእኛ ዕድር እንመዝነው። በዕድር ድንኳኑ፣ ወንበሩና ብረት ድስቱ የአባላቱ ነው። መተዳደሪያ ደንቡ ተጽፎ ተፈርሟል፤ ሰብሳቢው በድምፅ ይመረጣል፤ የገንዘብ ያዡ ሒሳብ በጉባኤ ይመረመራል። ሰብሳቢው አንድ ማለዳ ተነሥቶ ድንኳኑን ቢያከራይና ገንዘቡን ለራሱ ቢያደርግ እሑድ ጠዋት ተሰብስበን እናወርደዋለን። የሬዲት አወያዮች እንደ ዕድር አባል ሲደክሙ ኖሩ፤ ጉባኤውም፣ ደንቡም፣ ድንኳኑም ግን የእነሱ አልነበረም። ያንን በግልጽ ያዩት በ2023 ነው፤ ቁጣው የዚያ ነው።

አሁን ወደ አድማው እንሂድ። በጁን 12 ከ8,000 በላይ ሰብሬዲቶች በራቸውን ለ48 ሰዓት ዘጉ። ከእነሱ መካከል እያንዳንዳቸው ከ30 ሚሊዮን በላይ አባላት ያሏቸው ስለ ሙዚቃ፣ ስለ ጨዋታና ስለ ሳይንስ የሚያወሩ ክፍሎች ነበሩ። መዝጊያው ከመብዛቱ የተነሣ ድረ ገጹ ራሱ ለተወሰነ ጊዜ ተንገዳገደ። በእነዚያ ቀናት በጎግል ላይ የመኪናውን ብልሽት ወይም የመድኃኒቱን ጠባይ የፈለገ ሰው መልሱን የያዘውን ገጽ ሲነካ "ይህ ክፍል የግል ነው" የሚል ጽሑፍ ብቻ ያገኝ ነበር። ዓለም በስም የማያውቃቸው ሰዎች ለዓመታት የጻፉት መልስ ምን ያህል እንደሚያስፈልገው የታየው በዚያ ሁለት ቀን ነው።

ሀፍማን ለሠራተኞቻቸው በላኩት መልእክት፣ ይህም እንደ ቀደሙት ግርግሮች እንደሚያልፍ፣ በገቢ ላይም ያደረሰው ጉልህ ጉዳት እንደሌለ ነገሯቸው። መልእክቱ ወጥቶ ሲነበብ ብዙ ክፍሎች ከ48 ሰዓቱ በኋላም ተዘግተው ለመቆየት ወሰኑ። ኩባንያው በራቸውን የማይከፍቱ አወያዮች በሌሎች ሊተኩ እንደሚችሉ አስጠነቀቀ። ሀፍማን ለቴሌቪዥን ጣቢያ በሰጡት ቃል አወያዮችን ርስት ከወረሱ መኳንንት ጋር አመሳሰሏቸው፤ ቀድሞ የደረሰ ቦታውን ይይዛል፣ ለተከታዩም ያወርሳል ለማለት ነው። በዚህ ቃል ውስጥ እውነት የለም አልልም፤ አንዳንድ አወያይ በያዘው ቦታ ላይ የሚኮራና ሰው የሚያስመርር ነው። ግን መኳንንት መሬቱን ይሸጣል፣ ይለውጣል፣ ግብር ይቀበላል። ከእነዚህ ሦስት አንዱን ማድረግ የሚችል አወያይ አልነበረም። ሦስቱንም ማድረግ የሚችለው ኩባንያው ነው።

ማስጠንቀቂያው ከመጣ በኋላ ተቃውሞው መልኩን ለወጠ። የፎቶ ክፍሉ አባላቱን ድምፅ አሰጠ፤ በከፍተኛ ብልጫ ከዚያ ቀን ጀምሮ የሚለጠፈው ፎቶ ሁሉ የቴሌቪዥን አቅራቢው የጆን ኦሊቨር ብቻ እንዲሆን ተወሰነ። ኦሊቨርም ለተቃዋሚዎቹ ፎቶዎችን አበረከቱ። በሚሊዮኖች የሚቆጠሩ አባላት ያሉት ክፍል ለሳምንታት በአንድ ሰው ፊት ተሞላ። ሌሎች ክፍሎች ራሳቸውን ለአዋቂዎች ብቻ ብለው መዘገቡ፤ በእንዲህ ያለ ክፍል ማስታወቂያ አይለጠፍምና። ኩባንያው ከእነዚህ የአንዳንዶቹን አወያዮች አነሣ። አፖሎ በተባለው ቀን ተዘጋ፤ ሌሎችም ተዘጉ። ዋጋው አልተለወጠም።

ከዚያስ? በማርች 2024 ሬዲት አክሲዮኑን በ34 ዶላር ለሕዝብ ሸጠ፤ በመጀመሪያው ቀን ዋጋው ከ50 ዶላር በላይ ዘጋ። በዚያው ዓመት ሦስተኛ ሩብ ወደ 30 ሚሊዮን ዶላር የሚጠጋ ትርፍ አስታወቀ። በሴፕቴምበር 2024 መጨረሻ ደግሞ አንድ አነስተኛ የሚመስል ደንብ ወጣ፦ ከእንግዲህ አወያዮች ክፍላቸውን ከክፍት ወደ ዝግ ለመለወጥ የኩባንያውን ፈቃድ መጠየቅ አለባቸው። ልብ በሉ፤ በ2015ም በ2023ም የተቃወሙበት መሣሪያ ይኸው ነበር። አድማው የጠየቀውን አለማግኘቱ ብቻ አይደለም፤ ዳግም የሚደረግበት መንገድም ተዘጋ።

ይህን ለመረዳት የሚያግዘን አልበርት ሂርሽማን የተባሉ የምጣኔ ሀብት ሊቅ በ1970 ያሳተሙት መጽሐፍ ነው። በበርሊን የተወለዱት ሂርሽማን፣ አንድ ድርጅት ሲበላሽ ደንበኛው ሁለት መንገድ አለው ይላሉ፤ ወይ ይወጣል፣ ወይ ይናገራል። ሦስተኛው ታማኝነት ነው፤ ታማኝ ሰው ለመውጣት አይቸኩልም፣ ከመውጣቱ በፊት ደጋግሞ ይናገራል። ሐሳቡ የተጠነሰሰላቸው በአፍሪካ፣ በናይጄሪያ ባቡር ነው። ከሰሜን ናይጄሪያ እስከ ወደብ 800 ማይል ያህል ርቀት አለ፤ ባቡርም አለ። ነጋዴዎች ግን ኦቾሎኒያቸውን በጭነት መኪና ይልኩ ነበር። ሰዎች ጥለውት ሲሄዱ ባቡሩ ደንግጦ ይሻሻላል ተብሎ ይጠበቃል። አልተሻሻለም። ጥለው የሄዱት ነገሩ የሚያንገበግባቸው፣ ቢቆዩ የሚጮኹ ነጋዴዎች ነበሩ። እነሱ ሲሄዱ ጩኸቱም አብሮ ሄደ፤ ኪሳራውን ደግሞ መንግሥት ይሸፍን ነበርና ባቡሩን ምንም አልጎዳውም።

በሬዲትም የሆነው ይህን ይመስላል። ጥለው የሄዱት በአብዛኛው ብዙ የሚጽፉ፣ ብዙ የሚያውቁ፣ ነገሩ የሚቆጫቸው ሰዎች ናቸው። ቁጥራቸው ከሚያነበው ሕዝብ ጋር ሲነጻጸር ጥቂት ነው። ማስታወቂያ ደግሞ የሚሸጠው በአንባቢ ቁጥር ነው። የቆዩት ታማኞች ጮኹ፤ ጩኸታቸው ግን የሚያበቃበት ቀን አስቀድሞ ተነግሮ ነበር። 48 ሰዓት ብሎ የተነሣን ሰው ባለቤቱ 49ኛውን ሰዓት ቁጭ ብሎ ይጠብቀዋል። ሊሄዱባቸው የሚችሉ ሌሎች መድረኮች ነበሩ፤ ትንንሽ ነበሩ። ከሁሉም በላይ የ18 ዓመቱ ጽሑፍ፣ ጥያቄና መልስ ተጭኖ የሚሄድ ዕቃ አልነበረም። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ ይባላል። እዚህ የተናቀው ባለቤት ተጠቃሚው ነው፤ የተናቀውም ሊሄድ እንደማይችል ስለታወቀ ነው።

መውጣት የሠራበትም ጊዜ አለ። ዲግ የተባለው መድረክ የሬዲት ታላቅ ወንድም ነበር። በኦገስት 2010 አዲስ ቅርጽ አወጣ፤ ተጠቃሚዎች መጥፎ ጽሑፍ የሚቀብሩበትን ቁልፍ አነሣ፣ ለአሳታሚ ድርጅቶች የበለጠ ቦታ ሰጠ። ተጠቃሚዎቹ በንዴት የዲግን ፊት ገጽ ወደ ሬዲት በሚወስዱ ማስፈንጠሪያዎች ሞሉት፤ ከዚያም ተከታትለው ሄዱ። የዲግ ስምና ድረ ገጽ በ2012 በ500 ሺሕ ዶላር ገደማ እንደተሸጠ ተዘገበ። መውጣቱ ለምን ቀለላቸው? ተመሳሳይ ቦታ ተዘጋጅቶ ይጠብቃቸው ነበር፤ ዲግ ላይ ጥለውት የሚሄዱት ነገርም ጥቂት ነበር። ይሁን እንጂ መውጣቱ ዲግን ቀጣው እንጂ አላረመውም። ወጥተው የገቡበት ቤትም ከ13 ዓመት በኋላ ያደረገውን አይተናል።

ከሁለቱም የተለየ ሦስተኛ ምሳሌ አለ፤ እኔ ይበልጥ ተስፋ የማደርገው በዚህ ነው። በ2007 ላይቭጆርናል የተባለው መድረክ በመቶዎች የሚቆጠሩ የተጠቃሚ ገጾችን በአንድ ጊዜ አገደ። ከተጎዱት መካከል በሚወዷቸው መጻሕፍትና ፊልሞች ላይ ተመሥርተው አዳዲስ ታሪኮችን የሚጽፉ ሰዎች ነበሩ። ብዙዎቹ ሴቶች ናቸው። እነሱ ጮኸው ብቻ አላቆሙም። በዚያው ዓመት ለትርፍ ያልቆመ ድርጅት መሠረቱ፤ ሰርቨሩን የራሳቸው ለማድረግ ገንዘብ አዋጡ፤ ፕሮግራሙን በበጎ ፈቃድ ጻፉ። በኖቬምበር 2009 ለሕዝብ የከፈቱት ማኅደር እስከ ዛሬ ያለ ማስታወቂያ፣ በልገሳ ይሠራል። የቦርድ አባላቱን የሚመርጡት አባላቱ ናቸው። ማኅደሩ በ2019 በሳይንሳዊ ልብ ወለድ ዓለም ታላቅ የሚባለውን የሁጎ ሽልማት አገኘ። ልዩነቱ ምን ነበር? የሬዲት አድመኞች ባለቤቱ ሐሳቡን እንዲለውጥ ጠየቁ። እነዚህ ሴቶች ራሳቸው ባለቤት ሆኑ።

ክቡራትና ክቡራን፣ ይህ ሁሉ ለእኛ ምን ማለት ነው? እኛ ከሬዲት አወያዮች ያነሰ ድምፅ ያለን ተጠቃሚዎች ነን። በኦክቶበር 2021 የቀድሞ የፌስቡክ ሠራተኛ ፍራንሲስ ሀውገን ለአሜሪካ ምክር ቤት ሲመሰክሩ ኢትዮጵያን በስም ጠርተዋል፤ ኩባንያው በእንግሊዝኛ የሚያደርገውን ጥበቃ በሌሎች ቋንቋዎች እንደማያደርግ ተናግረዋል። በዲሴምበር 2022 በዚሁ ኩባንያ ላይ በናይሮቢ ክስ ተመሠረተ። ከከሳሾቹ አንዱ በፌስቡክ ላይ አባታቸውን ዒላማ ያደረጉ ጽሑፎች ከተለጠፉ በኋላ አባታቸው እንደተገደሉባቸው፣ ጽሑፎቹ እንዲነሡ ያቀረቡት አቤቱታም በጊዜው ሰሚ እንዳላገኘ ያስረዳሉ። ኩባንያው የኬንያ ፍርድ ቤት ሊያየው አይችልም ብሎ ተከራከረ፤ በኤፕሪል 2025 የኬንያ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ጉዳዩን የማየት ሥልጣን አለኝ አለ። የሬዲት አወያይ ቅሬታውን ሲጽፍ ቋንቋውን የሚያነብ ሰው በሌላው ወገን አለ። በአማርኛ፣ በትግርኛ፣ በአፋን ኦሮሞ፣ በሶማልኛ የሚጮኽ ሰው ግን መጀመሪያ አንባቢ ማግኘት አለበት። ስለ መድረክ አስተዳደር ስንነጋገር ስለ ሕይወትና ሞት ጭምር እንደምንነጋገር ለማሳየት ይህ ይበቃናል።

ታዲያ ምን እናድርግ? ሦስት ነገር እላለሁ።

አንደኛ፣ እያንዳንዳችን የሠራነውን ቅጂ እንያዝ። ፌስቡክም፣ ጎግልም፣ ቴሌግራምም መረጃህን አውርድ የሚል አማራጭ አላቸው፤ ከእኛ ውስጥ ስንቶቻችን ተጠቅመንበታል? ግጥም የሚለጥፍ ገጣሚ፣ የምግብ አሠራር የምታስተምር ባለሙያ፣ ደንበኞቿን በገጿ ብቻ የምታገኝ ነጋዴ፣ ሥራቸው ሌላ ቦታም ይቀመጥ። የደንበኞቻችሁን ስልክ ቁጥር በፈቃዳቸው መዝግቡ። ገጹ ነገ ቢዘጋ ሥራው አይዘጋም።

ሁለተኛ፣ ብዙ ሰው የሚመሩ አድሚኖች ደንብ ይጻፉ። በውጭ የሚኖሩ ወገኖቻችን በአንድ የቴሌግራም ወይም የዋትስአፕ ግሩፕ ቀብር ያስፈጽማሉ፣ ለታመመ ገንዘብ ያሰባስባሉ፣ አዲስ ለመጣ ሰው ቤት ያፈላልጋሉ። ይህን ያህል ከባድ ሥራ በአንድ ሰው ስልክ ላይ ተንጠልጥሎ መቅረት የለበትም። አድሚኑ እንዴት እንደሚመረጥ፣ እንዴት እንደሚወርድ፣ ግሩፑ ቢጠፋ አባላቱ የት እንደሚገናኙ አስቀድሞ ይጻፍ። ከመድረኩ ባለቤት ፍትሕ የምንጠይቅ ሰዎች በእጃችን ባለው ግሩፕ ፍትሕን እንጀምር።

ሦስተኛ፣ ሕግ እንጠይቅ። የአውሮፓ ኅብረት ከሜይ 2018 ጀምሮ ማንም ሰው መረጃውን ከአንድ አገልግሎት ወደ ሌላው ይዞ የመሄድ መብት እንዲኖረው ደንግጓል። ከማርች 2024 ጀምሮ ደግሞ ታላላቆቹ መድረኮች ለትንንሽ ተፎካካሪዎች በር እንዲከፍቱ አስገድዷል። ሀገራችን በ2016 ዓ.ም. የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 አውጥታለች። አዋጁ በሥራ ላይ ሲውል ልንጠይቃቸው የሚገቡ ነገሮች ግልጽ ናቸው፦ የሠራነውን ይዘን የመሄድ መብት፣ ትልቅ ለውጥ ሲመጣ በቂ ጊዜ፣ ገጻችን ሲዘጋም በቋንቋችን የሚሰማን ሰው። የአውሮፓ ኅብረት ሀገሮች ገበያቸው ትልቅ ስለሆነ ይሰማሉ፤ አፍሪካውያን በየግላችን ትንሽ ገበያ ነን። ስለዚህ ይህ በአፍሪካ ኅብረት ደረጃ መነሣት ያለበት ጥያቄ ነው፤ ኅብረቱም መቀመጫው እዚሁ አዲስ አበባ ነው።

የሬዲት አወያዮች ተሸነፉ ተብሎ ሲነገር እሰማለሁ። የጠየቁትን ባለማግኘታቸው እስማማለሁ። ነገር ግን ለዓመታት ያለ ክፍያ ያገለገሉትን ማኅበረሰብ ሊጎዳ ነው ብለው ያመኑትን ውሳኔ በአደባባይ ተቃውመዋል፤ ይህም ክብር ይገባዋል። ለእኛ የተዉልን ትምህርት ዋጋ የከፈሉበት ነው፦ የምንደክምበት ቦታ ደንቡ የማን እንደሆነ፣ መውጫው የት እንደሆነ ገና ስንገባ እንጠይቅ። ሳይቃጠል በቅጠል ነው። ሥራውን ይዞ መሄድ የሚችል ተጠቃሚ ሲናገር ባለቤቱ ይቀመጣል፣ ያዳምጣል፤ እንዲህ ያለ ተጠቃሚ ብዙ ጊዜ መሄድም አያስፈልገውም። እንዲህ ያለ ተጠቃሚ ለመሆን ዛሬ ማታ መጀመር ይቻላል።